የጎን ቁጥር 2857፦ አንድ አውቶቡስ ከሣር ሜዳ ወደ ሙዚየም እንዴት ገባ?

እስቲ ሁለት አሮጌ አውቶቡሶች ጎን ለጎን ቆመው አስቡ። ሁለቱም በአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ንድፍ፣ በአንድ ዓመት የተሠሩ ናቸው። የሁለቱም ሞተር ወጥቷል፣ መቀመጫቸው ተነቅሏል፣ መስኮታቸው ተሰባብሯል፣ ቀለማቸው ተልጧል። አንደኛውን ቁራሌው በኪሎ መዝኖ ይወስደዋል። ሌላኛው ግን ለጨረታ ሲቀርብ ትልልቅ ተቋማት ይሻሙበትና በ492,000 ዶላር ይሸጣል። ታዲያ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?

እኔ የተማርኩት መካኒካል ምህንድስና ስለሆነ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ሐሳብ መለኪያ ማንሳት ነው። ግን የላሜራውን ውፍረት ብንለካ፣ የብረቱን ቅይጥ ብንመረምር፣ ሪቬቶቹን አንድ በአንድ ብንቆጥር ልዩነቱን አናገኘውም። ብረቱ ውስጥ የለማ! ዛሬ የማወራችሁ ስለዚሁ ሁለተኛው አውቶቡስ ነው። በአሜሪካ፣ ሚሺጋን ግዛት፣ ዲርቦርን ከተማ በሚገኘው የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። የጎን ቁጥሩ 2857 ነው። ሮዛ ፓርክስ «አልነሣም» ያለችበት አውቶቡስ ይህ ነው።

የሮዛ ፓርክስን ታሪክ ብዙዎቻችሁ በትምህርት ቤትም ሆነ በሌላ ቦታ ሰምታችኋል። የአውቶቡሱን ታሪክ ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። እኔን የሳበኝ ደግሞ እሱ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልገለጽኩ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ማሽኑ ምን ዓይነት ነበር?

አውቶቡሱን በ1948 የሠራው ጄነራል ሞተርስ ነው። ኩባንያው በዚያ ዘመን አውቶቡስ የሚሠራው ፖንቲያክ በምትባል የሚሺጋን ከተማ ነበር። ከፖንቲያክ ዛሬ እስከቆመበት ሙዚየም በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። በመካከል ግን እስከ አላባማ ግዛት ወርዶ ተመልሷል።

የሞዴሉ ስም «ቲዲኤች-3610» ነው። ይህ ዝም ብሎ የተሰጠ ኮድ አይደለም፤ ማንበብ ለሚችል ሰው ሙሉ መግለጫ ነው። ቲ የከተማ ማመላለሻ መሆኑን፣ ዲ በናፍጣ መሥራቱን፣ ኤች ደግሞ ካምቢዮው ሃይድሮሊክ መሆኑን፣ ማለትም ሹፌሩ በየፌርማታው ፍሪሲዮን መርገጥ እንደማያስፈልገው ይነግረናል። 36 የመቀመጫው ብዛት ነው። የመጨረሻው 10 የሞዴሉ ተራ ቁጥር ነው። 36ን ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

ቀደም ባለው ዘመን አውቶቡስ የሚሠራው እንደ ጭነት መኪና ነበር። መጀመሪያ ከባድ ሻንሲ ይዘረጋል፤ ከዚያ በላዩ ላይ የተሳፋሪው ቤት ይገጠማል። የ2857 ዓይነቶቹ ግን የተለየ ሻንሲ የላቸውም። በሪቬት የተያያዘው ውጫዊ ቆዳቸው ራሱ ሸክም ይሸከማል፤ የአውሮፕላን አካል የሚሠራበት መንገድ ማለት ነው። ባዶ የለስላሳ ቆርቆሮ አቁማችሁ ከላይ በቀጥታ ብትጫኑት ከውፍረቱ አንጻር የሚገርም ክብደት ይችላል አይደል? ሐሳቡ እሱ ነው። ሸክሙ በሙሉ ቅርፊት ላይ ስለሚከፋፈል አካሉ ቀላልም ጠንካራም ይሆናል።

ሞተሩ ከኋላ፣ ከወንበሮቹ ጀርባ፣ ወደ ጎን ተጋድሞ ይቀመጣል። ስለዚህ ከፊት እስከ ኋላ ያለው ቦታ ለተሳፋሪ ይተርፋል። ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር የዲትሮይት ዲዝል ምርት ነው። «4-71» ይባላል፤ አራት ሲሊንደር፣ እያንዳንዱ 71 ኪዩቢክ ኢንች፣ በድምሩ 4.6 ሊትር አካባቢ። ባለ ሁለት ምት ነው። በተለመደው ባለ አራት ምት ሞተር ፒስተኑ ሁለት ጊዜ ወርዶ ኃይል የሚሰጠው አንዴ ብቻ ነው። በዚህኛው ግን በወረደ ቁጥር ኃይል ይሰጣል። የተቃጠለውን ጋዝ ጠርጎ የሚያስወጣ ንጹሕ አየር በግፊት የሚያስገባለት ደግሞ ከጎኑ የተገጠመ ነፊ አለው። እነዚህ ሞተሮች ሲሠሩ የሚሰማው ሹል ጩኸት የአሜሪካ ከተሞች የዘወትር ድምፅ ነበር።

ይህን ሁሉ ዝርዝር ያመጣሁት በምክንያት ነው። ንድፉን ከፊት እስከ ኋላ ብታዩት 36 መቀመጫ ታገኛላችሁ። በመካከላቸው ግድግዳ የለም። ከፊት ያሉትን ከኋላ ካሉት የሚለይ መጋረጃም በርም የለም። ለመሐንዲሱ ሁሉም መቀመጫ የአንድ ሰው ክብደት የሚያርፍበት ቦታ ነው።

በንድፉ ላይ የሌለው መስመር

አውቶቡሱ ያገለግልበት የነበረው ኩባንያ ሞንትጎመሪ ሲቲ ላይንስ ይባላል። ባለቤቱ መቀመጫውን ቺካጎ ያደረገ ናሽናል ሲቲ ላይንስ የተባለ ድርጅት ነበር። ይህ ድርጅት በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የትራንስፖርት ኩባንያዎችን ይገዛ ነበር። ጄነራል ሞተርስና ሌሎች አቅራቢዎች ለእነዚህ ኩባንያዎች የሚሸጠውን አውቶቡስና አቅርቦት በሞኖፖል ለመያዝ ተመሳጥረዋል ተብለው በ1949 በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለዋል። በሞንትጎመሪ ጎዳና ላይ ለምን የጄነራል ሞተርስ አውቶቡስ እንደሚሽከረከር ከዚህ መገመት ይቻላል።

በሞንትጎመሪ የከተማው ደንብ ነጭና ጥቁር ተሳፋሪዎች ተለያይተው እንዲቀመጡ ያዝዛል። ከ36ቱ መቀመጫዎች የፊተኞቹ 10 ለነጮች ተጠብቀዋል። ባዶ ቢሆኑ እንኳ ጥቁር ሰው አይቀመጥባቸውም፤ ቆሞ ይሄዳል። ከኋላ ያሉት ለጥቁሮች ናቸው። የመካከለኞቹስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ድንበሩ የሚንቀሳቀስ ነው፤ የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ሹፌሩ ነው። ደንቡ መቀመጫ የመደልደሉን ሥራ ለማስፈጸም ለሹፌሩ የፖሊስ ሥልጣን ሰጥቶታል። ጥቁር ተሳፋሪ ከፊት በር ገብቶ ሒሳቡን ከከፈለ በኋላ ወርዶ በኋላ በር እንዲሳፈር የሚታዘዝበት ጊዜም ነበር።

ሮዛ ፓርክስ ይህን በራሷ ላይ አይታዋለች። በ1943 ጄምስ ብሌክ የሚባል ሹፌር ከፍላ ከገባች በኋላ ውረጂና በኋላ በር ግቢ ብሏት ነበር። ከዚያ ወዲያ እሱ በሚነዳው አውቶቡስ ላለመሳፈር ስትጠነቀቅ 12 ዓመት አለፈ።

ዲሴምበር 1 ቀን 1955፣ ሐሙስ ማታ፣ ከሥራ ወጥታ አውቶቡስ ስትይዝ ግን የሹፌሩን ፊት ልብ አላለችም። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው ኅዳር 21 ቀን 1948 ዓ.ም. ሆነ፤ የኅዳር ጽዮን ዕለት። ሮዛ 42 ዓመቷ ነበር። በአንድ ትልቅ መደብር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበረች። በዚያ ላይ የጥቁሮች መብት ተሟጋች ድርጅት የሞንትጎመሪ ቅርንጫፍ ጸሐፊ ሆና ለዓመታት ሠርታለች። «ደክሟት ስለነበር ነው ያልተነሣችው» የሚባለውን እሷ ራሷ አስተባብላለች። ተራ የሥራ ድካም አልነበረም።

የተቀመጠችው ለነጮች ከተጠበቁት 10 መቀመጫዎች ቀጥሎ ባለው ረድፍ ላይ ነው። በረድፉ አራት ጥቁር ተሳፋሪዎች አሉ። በኤምፓየር ቲያትር አጠገብ ካለው ፌርማታ ነጮች ገቡና የፊቱ ሞላ። አንድ ነጭ ሰው ቆሞ ቀረ። ሹፌሩ ዞሮ አራቱም እንዲነሡ አዘዘ።

ስሌቱን ልብ በሉልኝ። መቀመጫ ያጣው አንድ ሰው ነው፤ እንዲነሡ የታዘዙት አራት ናቸው። ነጭና ጥቁር በአንድ ረድፍ መቀመጥ ስለማይችሉ ለአንድ ሰው ሲባል ሙሉ ረድፍ ይለቀቃል። ቦታን በአግባቡ ከመጠቀም አንጻር ብቻ ብታዩት እንኳ፣ 36 ሰው እንዲይዝ የተነደፈን ማሽን አውቆ ማባከን ነው። ሦስቱ ተነሡ። ሮዛ ወደ መስኮቱ ተጠጋችና ተቀመጠች። ሹፌሩ ፖሊስ ጠራ። ታሰረች፤ ከቀናት በኋላም 10 ዶላር ተቀጣች፣ በዚያ ላይ 4 ዶላር የፍርድ ቤት ወጪ።

የዚያን ቀን የአቀማመጡን ሁኔታ የሚያሳይ ንድፍ ለፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። ዛሬም በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል። ወንበሮቹ በትናንሽ ሳጥኖች ተሥለዋል። እኔ የማውቀው የአውቶቡስ ንድፍ ክብደትና ርቀት የሚጻፍበት ነው። በዚህኛው ላይ ግን ዋናው ጥያቄ «ማን የት ተቀመጠ?» የሚለው ነው።

381 ቀናት

ዲሴምበር 5 ጀምሮ የሞንትጎመሪ ጥቁር ነዋሪዎች አውቶቡስ መሳፈር አቆሙ። ከኩባንያው ደንበኞች ሦስት አራተኛ ያህሉ እነሱ ነበሩ። እስቲ አስቡት፤ ከአራት ተሳፋሪ ሦስቱ ሲቀር ናፍጣው ግን ያው ይቃጠላል፣ ሹፌሩም ያው ደመወዙን ይፈልጋል። የጥቁሮች ታክሲዎች ሰዉን በአውቶቡስ ዋጋ፣ በ10 ሳንቲም፣ ማመላለስ ጀመሩ። ከተማው ታክሲ ከ45 ሳንቲም በታች ማስከፈል አይችልም የሚለውን ደንብ አስታውሶ ይህን ሲከለክል፣ 300 አካባቢ የግል መኪናዎች በጋራ ተደራጅተው የራሳቸውን የትራንስፖርት አውታር ዘረጉ። የቀረውም በእግሩ ሄደ።

ሕጉን የጣለው ክስ ግን የሮዛ ክስ አልነበረም። ኦሬሊያ ብራውደር፣ ሱዚ ማክዶናልድ፣ ሜሪ ሉዊዝ ስሚዝና ክላውዴት ኮልቪን በከሳሽነት የቀረቡበት ሌላ መዝገብ ነው። ኮልቪን ከሮዛ ዘጠኝ ወር ቀድማ፣ በ15 ዓመቷ፣ በዚያችው ከተማ አልነሣም ብላ ታስራ ነበር። የፌዴራል ፍርድ ቤቱ በጁን 1956 ፈረደላቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በኖቬምበር አጸናው። ከ381 ቀናት አድማ በኋላ፣ ዲሴምበር 21 ቀን 1956፣ ሰዎች በፈለጉት ወንበር ተቀመጡ። አውቶቡሶቹ አልተቀየሩም፤ አንድ ብሎን እንኳ አልተፈታም። የተነሣው በንድፉ ላይ ያልነበረው መስመር ብቻ ነው።

ሠላሳ ዓመት በሜዳ ላይ

2857 ከዚያ በኋላም ሥራውን ቀጠለ። ማንም አልሸለመው፣ ማንም ጽሑፍ አልለጠፈበት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጡረታ ሲወጣ አንድ የሞንትጎመሪ ነዋሪ ገዛው። የኩባንያው ሠራተኞች «ይህ የሮዛ ፓርክስ አውቶቡስ ነው» ብለው ነገሩት። ሰውየው አመነ፤ ወሬውንም ለቤተሰቡ አቆየ። አውቶቡሱን ግን ሜዳ ላይ አቆመው፤ ሞተሩንና ወንበሮቹን አውጥቶ የእንጨትና የመሣሪያ ማስቀመጫ አደረገው። 30 ዓመት ያህል ፀሐይና ዝናብ ተፈራረቁበት።

በዚህ ሰውየውን ለመውቀስ አትቸኩሉ። ቢያንስ አልቆራረጠውም። የእሱ ብጤ ስንቶቹ ቀልጠው ሌላ ብረት ሆነዋል!

ሰውየው ሲሞት ልጁና ባሏ አውቶቡሱን ወረሱ፤ ሊሸጡትም ፈለጉ። እዚህ ጋ ችግር መጣ። ገዢ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ያ አውቶቡስ ይህ ለመሆኑ ማስረጃችሁ ምንድን ነው?» በእጃቸው ያለው «አባታችን እንዲህ ብሎን ነበር» የሚል ቃል ነው። ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን የዚያ ዓይነት አውቶቡስ በሺዎች ተመርቷል።

«ብሌክ/#2857»

መልሱ የተገኘው ከጋዜጣ ቁርጥራጭ ደብተር ነው። በአድማው ጊዜ የሞንትጎመሪ የአውቶቡስ ጣቢያ ኃላፊ የነበረ ሰው ስለ ነገሩ የሚወጡትን ጽሑፎች እየቆረጠ በደብተር ላይ ይለጥፍ ነበር። ስለ ሮዛ ፓርክስ መታሰር ከሚያወሩት ጽሑፎች ጎን በእጁ «#2857» እና «ብሌክ/#2857» ብሎ ጽፏል። የሹፌሩ ስምና የአውቶቡሱ የጎን ቁጥር፤ በቃ ይኸው ነው። ዘመዶቹ እንዳሉት ቁጥሩን የጻፈው ነገሩ ትልቅ መሆኑ ስለገባው ነው።

ይህን ሳነብ የገረመኝ፣ ለዚህ ሥራ ከእሱ የተሻለ ቦታ ላይ የነበረ ሰው አለመኖሩ ነው። ጋዜጠኛ ስለ ሰዎቹ ይጽፋል፤ ዳኛ ስለ ሕጉ። የትኛው አውቶቡስ በየትኛው ሹፌር እጅ እንደወጣ ማወቅ የዕለት ሥራው የሆነው የጣቢያው ኃላፊ ነው። ለእሱ 2857 እንደ ጓደኛ ስም ያለ ነገር ነበር።

ደብተሩ እንዲሁ አልታመነም። ሙዚየሙ የእጅ ጽሑፍና ሰነድ የሚመረምር ባለሙያ ቀጥሮ ትክክለኛነቱን አስመረመረ። የቅርስ ጥገና ባለሙያውም ሞንትጎመሪ ድረስ ሄዶ አውቶቡሱን በዓይኑ አየ። ጨረታው በኦክቶበር 2001 በኢንተርኔት ተካሄደ፤ ከ50,000 ዶላር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት በኋላ ዘለቀ። የስሚዝሶኒያን ተቋምና የዴንቨር ከተማም ተጫርተዋል። በመጨረሻ ሄንሪ ፎርድ ሙዚየም በ492,000 ዶላር አሸነፈ። ደብተሩንም አብሮ ገዛ። ገባችሁ? ብረቱ ያለ ደብተሩ፣ ደብተሩም ያለ ብረቱ ምሉዕ አይደለም።

ስንት በመቶው ነው ዋናው?

ቀጣዩ ጥያቄ ለእኛ ለመሐንዲሶች ይበልጥ ከባድ ነው። ሞተርና ወንበር የሌለውን፣ ዝገት የበላውን አካል እንዴት ትጠግኑታላችሁ? አብረቅርቃችሁ አዲስ ብታስመስሉት ውሸት ይሆናል፤ በ1955 አዲስ አልነበረማ። እንዳለ ብትተዉት ደግሞ ጎብኚው የሚያየው የእንጨት ማስቀመጫ ነው።

ሙዚየሙ የመረጠው መካከለኛውን መንገድ ነው፦ በዲሴምበር 1955 የነበረውን መልክ፣ ማለትም ሰባት ዓመት ያገለገለ ግን የሚሠራ አውቶቡስ እንዲመስል። ከፌዴራል መንግሥቱ የቅርስ ማዳኛ ፕሮግራም 205,000 ዶላር ተገኘ። የጎደለው ከዘመኑ ተመሳሳይ አውቶቡሶች በተገኙ ክፍሎች ተሟላ። ቢጫ፣ አረንጓዴና ነጭ ቀለሙ ተመለሰ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 ለሕዝብ ተከፈተ።

ታዲያ ግማሽ አካሉ ከሌላ የመጣ አውቶቡስ ያው አውቶቡስ ነው ወይ? የኔ መልስ አዎ ነው፤ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ። የተቀየረው ክፍል ምን እንደሆነ ተመዝግቦ መቀመጥ አለበት። ያልተመዘገበ ጥገና ከዝገት ባልተናነሰ ታሪክ ያጠፋል። ዝገት ቢያንስ ራሱን አይደብቅም።

ሙዚየሙ ያደረገው ሌላም ጥሩ ነገር አለ። በዚያው አዳራሽ ኬኔዲ የተገደሉባት ሊሙዚንም አለች፤ እሷን ከሩቅ ነው የምታዩት። 2857 ላይ ግን ወጥታችሁ መቀመጥ ትችላላችሁ። ባራክ ኦባማ በ2012 ገብተው በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ እያዩ የተቀመጡበት ፎቶ በዓለም ዞሯል። ሮዛ ፓርክስ ከአድማው በኋላ በ1957 ወደ ዲትሮይት ተዛውራ እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ ኦክቶበር 2005፣ እዚያው ኖራለች። ዲርቦርን ደግሞ የዲትሮይት ጎረቤት ናት። ስታርፍ በሞንትጎመሪና በዲትሮይት የከተማ አውቶቡሶች የፊት መቀመጫዎች በጥቁር ጥብጣብ ታስረው ባዶአቸውን ሄዱ።

ወደ እኛ ስንመለስ

ለማስተርስ ጥናቴ የአሮጌ አውቶቡሶችን የአካል ድካም ልለካ ወደ አንድ ጋራዥ ሄጄ ነበር። ከግቢው ጀርባ ሣር የበቀለባቸው አውቶቡሶች ተደርድረዋል። ጥበቃው፣ ዕድሜ የጠገቡ አባት፣ አንዱን በምርኩዛቸው ነካ አድርገው «ይሄ መጀመሪያ ከገቡት ነው ልጄ፤ ስንቱን አይቷል መሰለህ» አሉኝ። ምን እንዳየ ልጠይቃቸው ስል መሣሪያ የሚያከራየኝ ሰው ጠራኝ። የጎን ቁጥሩ ተፍቋል። እኔም የላሜራውን ውፍረት ለካሁ፣ 14 ነጥብ ላይ፣ በሚሊሜትር። እሳቸው ያሉኝን ግን አልጻፍኩም። ከወራት በኋላ ስመለስ ቦታው ተጠርጓል፤ እሳቸውም ሥራ ለቀዋል። የ14ቱ ነጥብ ሠንጠረዥ አሁንም ኮምፒውተሬ ላይ አለ። የማን አውቶቡስ እንደሆነ ግን አይናገርም።

ስለዚህ ይህን ያነበባችሁ የጋራዥ ሠራተኞች፣ ሹፌሮች፣ የላብራቶሪ ቴክኒሺያኖች፣ ወይም በቤታችሁ ጓሮ የቆመ አሮጌ ማሽን ያላችሁ ሁሉ፣ አንድ ደብተር ግዙ። አራት ነገር ብቻ ጻፉበት፦ የማሽኑን ቁጥር፣ ከየት እንደመጣ፣ ማን ይሠራበት እንደነበር፣ ምኑ መቼ እንደተቀየረ። ቀንና ስማችሁን ከሥሩ አስቀምጡ። እኔ ከዚያ ጋራዥ ወዲህ በናሙና መመዝገቢያዬ ላይ አምስተኛ ዓምድ ጨምሬያለሁ፤ ርዕሱ «ስለ እሱ የተባለ» ይላል።